ተለያይተናል፣ ፍሪዝ የተደረጉት ፅንሶቻችንስ? ከድሬዳዋ ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን በአምስተኛው ወር ከመጋላ ወደ ሳቢያን በባጃጅ እየሄድኩ ስልኬ ጠራ፣ አዲስ አበባ የታከምንበት ክሊኒክ ነው። ልጅቷ ትሁት ናት፣ "እህቴ የፅንሶቹ ማስቀመጫ ክፍያ በዚህ ወር ያበቃል፣ ይታደስ ወይስ ይወገድ?" አለችኝ። አራት ናቸው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጁ እየተንገጫገጨ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። "ለባለቤትሽም ደውለን ነበር፣ እሷን ጠይቋት አለን" ስትለኝ ደግሞ ጭራሽ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም "ይወገድ" ብሎ መልሶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ስልክ አልቆ ነበር ማለት ነው፣ እኔም "አዎ" ብል በእሱ ላይ እንደዛው።

የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዛ ወዲህ ጠበቃዬ ያስረዳችኝን፣ ፍርድ ቤት የተማርኩትን፣ አንቀፅ በአንቀፅ ያነበብኩትን ለሰው ስናገር ነው የኖርኩት፣ ከድሬም ከሐረርም አዲስ አበባ፣ ህንድ፣ ቱርክ ሄደው አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ፅንሱን ማኅፀን ውስጥ የማስገባት ሕክምና) የሚያደርጉ ሰዎች እየበዙ ስለሆነ አሁን በፅሁፍ ላስቀምጠው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይታወቅ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። እንቁላሉና የወንዱ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካደጉ በኋላ ነው የሚቀዘቅዙት፣ የሚቀመጡትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። እዛ ውስጥ ያለ ፅንስ አያረጅም፣ ዛሬም ከዓመት በኋላም ያው ነው። እድሜዋ የሚገፋው ሴቷ ናት፣ እሱም በወር በሁለት ወር አይደለም። ስለዚህ "አሁኑኑ ካልወሰንሽ" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ባልም ይሁን አማት ይሁን ወንድም፣ አትስሙት። የሚያስቸኩለው መወሰኑ ሳይሆን ማንም ብቻውን እንዳይወስን ማድረጉ ነው። እሱን ግን ዛሬውኑ አድርጉት።

እንዴት? መጀመሪያ የፈረማችሁበትን ወረቀት ፈልጉ። ሕክምናው ሲጀመር ሁለታችሁም የፈረማችሁት የስምምነት ፎርም አለ፣ ብዙ ገፅ ነው፣ ብዙዎቻችን ያላነበብነው። የኔን ያገኘሁት ከአልትራሳውንድ ፎቶዎቹ ጋር በአንድ ላስቲክ ውስጥ ቁምሳጥን ላይ ነው። ሰባተኛው ገፅ ላይ "ከጥንዶቹ አንዱ ቢሞት"፣ "ቢፋቱ"፣ "ክፍያ ቢቋረጥ" የሚሉ መስመሮች አሉ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ይወገድ፣ ለሚስት፣ ለባል፣ ለምርምር፣ ፍርድ ቤት በሚወስነው። በፍቺው መስመር ላይ የመጨረሻዋ ሳጥን ላይ ምልክት አለ፣ ከስሯ የሁለታችን ፊርማ። ያን ቀን ትዝ ይለኛል፣ መርፌ ልወጋ ተራ እየጠበቅኩ ነበር፣ ነርሷ "ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚሞላው" አለች፣ እኛም ሞላን። ደስ ብሎን ነበር፣ ፍቺ የሚለውን ቃል እንኳን ጮክ ብለን አላነበብነውም።

ኮፒ ከሌላችሁ ክሊኒኩን በፅሁፍ ጠይቁ። የራሳችሁ የሕክምና መረጃ ነው፣ እናንተ የፈረማችሁበት ወረቀት ነው፣ ለማግኘት የሌላኛውን ፈቃድ መለመን የለባችሁም። ከፎርሙ ጋር ስንት ፅንስ እንዳለ፣ መቼ እንደቀዘቀዘ፣ የስንት ቀን እንደሆነ፣ ክፍያው እስከ መቼ እንደተከፈለ የሚገልፅ ደብዳቤ ጠይቁ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አፅፉት፣ ምክንያቱም ላብራቶሪዎቹ በፈረንጅ ነው የሚመዘግቡት እኛ ደግሞ ፍርድ ቤት የምናቀርበው በኢትዮጵያ ነው፣ ቀኑ ሲዛባ ጉዳዩ ለሌላ ቀጠሮ ይተላለፋል፣ በኔ ላይ ደርሷል።

ቀጥሎ ደብዳቤ። በስልክ አይሆንም፣ በቴሌግራም ብቻም አይሆንም። ሁለት ኮፒ አትሙ፣ አንዱ ላይ ክሊኒኩ ማህተም አድርጎ "ተቀብለናል" ብሎ ይመልስላችሁ፣ ከድሬ መሄድ ካልቻላችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይውሰድላችሁ ወይ በአደራ ፖስታ ላኩት። እኔ የፃፍኩት ይሄ ነው፣ እንዳለ ተጠቀሙበት፦

"ጉዳዩ፦ በጋራ ያስቀመጥናቸውን ፅንሶች ይመለከታል። እኔ … የካርድ ቁጥር … ከባለቤቴ ከአቶ … ጋር በጋራ ፈርመን በማዕከላችሁ ያስቀመጥናቸው 4 ፅንሶች እንዳሉ ይታወቃል። በመካከላችን የፍቺ ጉዳይ በሂደት ላይ ስለሚገኝ የሁለታችንም አዲስ የጽሑፍ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሳይቀርብላችሁ ፅንሶቹ ወደ ማኅፀን እንዳይተላለፉ፣ እንዳይወገዱ፣ ለሌላ ሰው ወይም ተቋም እንዳይሰጡ እንዲሁም ከማዕከላችሁ እንዳይወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማስቀመጫ ክፍያውን እስከ … ድረስ የከፈልኩበት ደረሰኝ ተያይዟል። ከዚህ በፊት በስሜ የተሰጠ ማንኛውም ውክልና በዚህ ጉዳይ ላይ እንዳያገለግል አሳውቃለሁ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። እኛ ጋ ባልና ሚስት ውክልና ይሰጣጣሉ፣ ለመኪና፣ ለቤት፣ ለባንክ፣ ከዛ ይረሳል። ውክልናው ጠቅላላ ቢሆን ሕጉ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፣ ግን ፊት ለፊት የተቀመጠችው ፀሐፊ ይህን ላታውቅ ትችላለች፣ ማህተሙን አይታ ትቀበላለች። ስለዚህ ድሬ ያላችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ሻሩት፣ የሻራችሁበትንም ከደብዳቤው ጋር አያይዙት።

ክፍያውን ደግሞ "እሱ ይክፈል እሷ ትክፈል" እያላችሁ አታቋርጡት። ብዙ ፎርሞች ላይ ክፍያ ከተቋረጠ የተወሰነ ጊዜ ተጠብቆ ፅንሱ ይወገዳል የሚል አለ፣ አቅም ያለው ይክፈል፣ ደረሰኙን ይያዝ፣ ግማሹን በፍቺው ሂሳብ ላይ ይጠይቃል። እኔ ከፈልኩ፣ በኋላ ግማሹ ታሰበልኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ ከቤት ወጥቶ መሄድ ፍቺ አይደለም። በኛ ሕግ ጋብቻ የሚፈርሰው በፍርድ ቤት ነው፣ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል፣ እንዴት እንደምትለያዩ ሊያግዝ ይችላል፣ ማፋታት ግን ከ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወዲህ የፍርድ ቤት ብቻ ነው። (ለብዙ ዓመት ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ በመሠረቱ ሰዎች ላይ ሰበር ችሎት ጋብቻው እንደፈረሰ ቆጥሮ የወሰነበት ጊዜ አለ፣ ግን እሱ ላይ ተማምናችሁ ዝም አትበሉ።) ስለዚህ በክሊኒኩ ዓይን እስካሁን ባልና ሚስት ናችሁ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ የድሮው ፊርማችሁም አለ። ደብዳቤው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ሐረር ያላችሁ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የአንቀፅ ቁጥሮቹን ጠበቃችሁ ከዛው ያውጣላችሁ። የፌዴራሉን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት ስለቀዘቀዘ ፅንስ አንድም አንቀፅ የለም። ይሄ ማለት ግን ዳኛው የሚይዘው ነገር የለውም ማለት አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያው ገፅ ላይ ሰው የሕግ መብት የሚኖረው ከመወለዱ ጀምሮ እስኪሞት ነው ይላል። አንቀፅ 2 ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል፣ ግን በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። አንቀፅ 3 ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ፣ ልጅ የተፀነሰው ከመወለዱ በፊት በነበረው በ300ኛው ቀን እንደሆነ ይቆጠራል፣ ተቃራኒ ማስረጃም አይቀርብም ይላል። ሕጉን የፃፉት ሰዎች ፅንስ ሦስት አራት ዓመት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል ብለው የሚያስቡበት ዘመን አልነበረም። ግን ከዚህ ተነስተን ስናየው ናይትሮጅን ውስጥ ያለው ፅንስ በኛ ሕግ ልጅ አይደለም፣ አሳዳጊ አይሾምለትም፣ ቀለብ አይቆረጥለትም፣ አይወርስም። "ልጆቼን ከለከለኝ" ብላችሁ ክስ ብትመሠርቱ የልጅ አስተዳደግ አንቀፆች አያግዟችሁም፣ ምንም እንኳን በልባችን ልጅ ቢሆኑም።

እሺ ንብረት ነው እንዴ? የሽምግልናው ቀን አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳዩን ካስረዳኋቸው በኋላ አንዱ፣ በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ ዝም ብለው ቆይተው "እንግዲህ አራት ከሆኑ ሁለት ሁለት ይካፈሉ፣ ፍትህ እሱ ነው" አሉ። ማንም አልተናገረም። ለክፋት አይደለም፣ በቤተሰብ ሕጉም የጋራ ሀብት እኩል ነው የሚካፈለው። ባለቤቴ ነው የመለሰላቸው፣ "አባባ፣ እሷ የወሰደቻቸው ሁለቱም እኮ የኔ ናቸው፣ እኔ የወሰድኳቸውም የሷ" አላቸው። በዛ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ በአንድ ነገር የተስማማነው ያኔ ነው። ስለዚህ ጠበቃዬ ፅንሶቹን በንብረት ዝርዝር ውስጥ፣ ከፍሪጅና ከመኪና ቀጥሎ፣ እንዳትፅፊ አለችኝ፣ ለብቻው ርዕስ ስጪው። እናንተም እንደዛ አድርጉ። የሕክምናው ወጪ ሌላ ነው፣ እሱ ብር ነው፣ ይታሰባል።

ዳኛ ፊት ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀፅ 19 ማንም ሰው ከአካሉ ለመስጠት የገባውን ቃል በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል ይላል፣ አንቀፅ 20 ደግሞ ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት ይችላል። ስለ ፅንስ የተፃፉ አይደሉም ግን መንፈሳቸው ግልፅ ነው። ማንም ሴት "ፈርመሻል" ተብላ ፅንስ ማኅፀኗ ውስጥ ሊገባ አይችልም። የወንዱ ጠበቃም ያንኑ መሻር የሚለውን ይዞ ይመጣል፣ ፈቅጄ ነበር አሁን አልፈቅድም ብሎ። ይሄን ክርክር ከአሁኑ ጠብቁት።

ፎርሙስ? ፎርሙ ከክሊኒኩ ጋር ያላችሁ ውል ነው፣ ትልቅ ማስረጃም ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ሕጉ አንቀፅ 73 ላይ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሆነው እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላፀደቀው አይፀናም ይላል። ስለዚህ አንዳችሁ "ለሚስት" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ ብላችሁ ስትመጡ ሌላኛው ወገን እሱ በኛ መሀል የተደረገ ውል ነው፣ አልፀደቀም ሊል ይችላል። ሳጥኗ ላይ ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በስምምነት መፋታት ነው፣ አንቀፅ 77። ሁለታችሁ የፍቺውን ውጤት በፅሁፍ ትስማማላችሁ፣ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ያፀድቃል። የፅንሱን ጉዳይ እዛ ሰነድ ውስጥ አስገቡት፣ ያኔ የአንቀፅ 73 ጥያቄ ይዘጋል፣ ክሊኒኩም የፍርድ ቤት ማህተም ያለበት ወረቀት ያገኛል። "ስለ ፅንሶቹ ወደፊት እንስማማለን" የሚል ዓረፍተ ነገር አታስገቡ፣ ምንም ማለት አይደለም። ምን እንደሚሆኑ፣ እስከ መቼ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ፣ አንዱ ቢሞት ምን እንደሚሆን፣ አምስቱንም ፃፉ።

ካልተስማማችሁ ደግሞ የፍቺው አቤቱታ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጠየቅ፣ ከእሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ አብሮ ይግባ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 154፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ክሊኒኩ ምንም እንዳያደርግ። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ከመወሰኑ በፊት እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ በዛ መሀል የክፍያ ቀን ሊያልፍ ስለሚችል ነው እግዱ የሚያስፈልገው። ትዕዛዙን ራሳችሁ ወስዳችሁ ክሊኒኩ ድረስ አድርሱ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ስለ ጤና አገልግሎት የሚወጡ አዋጆችና መመሪያዎችም ስለሚቀያየሩ የሚያግዛችሁ ሰው የመጨረሻውን ይዞ ይምጣ።

ድሬና ሐረር ላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 34 ላይ ይፈቅዳል፣ ግን የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አንዳችሁ ካልፈለጋችሁ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ነው የሚሄደው። ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ይሄን እወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ግብፅ ካለው ከአል-አዝሃር የወጣው ፈትዋ አይቪኤፍን የፈቀደው በባልና ሚስት መሀል፣ በነሱው ዘርና እንቁላል፣ ሦስተኛ ሰው ሳይገባበት ነው፣ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ጋብቻው በፍቺ ወይም በሞት ካበቃ በኋላ ፅንሱን መጠቀም አይቻልም ነው የሚሉት። ጎረቤቴ የሆነች እህት ይሄን የሰማችው ፈቃዷን ከሰጠች በኋላ ነው፣ ውሳኔውን ተቀበለችው፣ ነገር ግን ቀድማ ብታውቀው ልቧን ታዘጋጅ እንደነበር እያለቀሰች ነግራኛለች።

አሁን ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር፣ ከፍቺ በኋላ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ፅንሱ ቢተላለፍና ልጅ ቢወለድስ? ሕጉ ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ ነው በትዳር ውስጥ እንደተፀነሰ የሚቆጥረው። ከፍቺው ሁለት ዓመት በኋላ የተላለፈ ፅንስ ከዛ ውጪ ነው፣ ስለዚህ ያባትነት ግምቱ በራሱ አይመጣም። አባትየው በወሳኝ ኩነት ሹም ፊት ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ልጄ ነው ብሎ መቀበል አለበት፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። የባሰው ደግሞ ሴቷ ሌላ ሰው አግብታ ከሆነ ነው፣ በትዳር ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል፣ ማለትም የቀድሞ ባሏ ዘር የሆነው ልጅ በሕግ የአዲሱ ባል ልጅ ሆኖ ይመዘገባል። ሦስት ሰው የሚያመሳቅል ነገር ነው፣ ልጁን ደግሞ ከሁሉ በላይ። ወንዶችም ስሙኝ፣ "ትውሰዳቸው እኔ ምን አገባኝ" ብላችሁ አትፈርሙ፣ የተወለደው ልጅ ያንተ ልጅ ነው፣ ቀለብ ይጠየቅሃል፣ ይወርስሃል፣ አንድ ቀን ደግሞ በርህን ያንኳኳል። እናቱና አንተ "አይመለከተውም" ብላችሁ የተፈራረማችሁት ወረቀት የልጁን መብት አይነካውም።

ፅንሶቹ ውጭ አገር ከሆኑ የሚገዛቸው የዛ አገር ሕግ ነው፣ እዚህ ላይ ድሬ ያለው ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትዕዛዝ እዛ ያለውን ክሊኒክ በቀጥታ ላያዘው ይችላል። ቱርክ የታከማችሁ በጣም ተጠንቀቁ፣ እዛ ደንቡ ፅንስ የሚቀመጠው ቢበዛ 5 ዓመት ነው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሲሆን በየዓመቱ ሁለታችሁም ፈቃዳችሁን ማደስ አለባችሁ፣ ፍቺው በፍርድ ከተረጋገጠ ደግሞ ይወገዳል፣ አለቀ። ስለዚህ እዚህ የምታወጡት የፍቺ ውሳኔ እዛ ያሉትን ፅንሶች ያስወግዳቸዋል ማለት ነው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይሄን ተነጋገሩበት። ህንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2021 ሕግ አላቸው፣ ማስቀመጥ የሚቻለው እስከ 10 ዓመት ነው፣ ፅንሱ ወደ ማኅፀን ከመግባቱ በፊትም ፈቃድን መሻር ይቻላል። ለሁለቱም አገር የምትልኩት ሰነድ ተተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው ይረጋገጥ።

እንግሊዝ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ የእናንተ ግልፅ ነው፣ ፅንሱ እስኪተላለፍ ድረስ ከሁለት አንዱ ፈቃዱን ከሻረ መጠቀም አይቻልም፣ ሌላኛው እንዲያስብበት እስከ 12 ወር ይጠበቃል እንጂ። የናታሊ ኢቫንስን ጉዳይ ሳነብ አልቅሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለቱም እንቁላል ማምረቻዎቿ ላይ የካንሰር ምልክት ተገኝቶባት ከመውጣታቸው በፊት ከጓደኛዋ ጋር ስድስት ፅንስ አስቀመጡ፣ እንቁላሌን ብቻ ባስቀምጥስ ብላ ስትጠይቅ አይዞሽ አንለያይም ብሏት ነበር። በስድስት ወሩ ተለያዩ፣ እሱ ይወገዱ ብሎ ፃፈ፣ እሷ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በ13 ለ4 ተሸነፈች። ከራሷ እንቁላል ልጅ የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

አሜሪካ እንደ ስቴቱ ነው። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ፅንስ ሰውም ንብረትም አይደለም፣ ልዩ ክብር ይገባዋል፣ በመርህ ደረጃ ወላጅ መሆን የማይፈልገው ያሸንፋል አለ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረማችሁት ውል ይከበራል አለ። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሕግ በተቃራኒው እንዲወለዱ ለሚፈልገው ይሰጣል፣ ሌላኛው ቀለብ አይጠየቅም። ካናዳ፣ በተለይ ቶሮንቶ ያላችሁ የሐረር ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኦንታርዮ ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሉ የሴቷ ፍላጎት ይከበራል እያለ ሰውየው ፈቃዱን ስለሻረ ለእሱ ወስኗል፣ ስለዚህ ውል አለኝ ብላችሁ ብቻ አትተማመኑ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ለሴቷ ፈርዷል፣ ሌላ እድል የላትም ብሎ። ኢሊኖይም እ.ኤ.አ. በ2015 በካንሰር ሕክምና ምክንያት መውለድ ለማትችል ሴት ወስኗል። እነዚህ ፍርዶች የኛን ዳኛ አያስገድዱም፣ ግን ጠበቃችሁ ለማሳያነት ሊያቀርባቸው ይችላል፣ እና ዳኞች የሚጠይቁት ጥያቄ የትም አንድ ዓይነት ነው፣ ምን ፈርማችሁ ነበር፣ ሌላ የመውለድ መንገድ አለሽ ወይ፣ አለህ ወይ። የመጨረሻ እድላችሁ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ቀድማችሁ አውጡ፣ በአፍ ብቻ አይሆንም።

ሕክምናውን ገና ልትጀምሩ ያላችሁ፣ እባካችሁ ፎርሙን ክሊኒክ ወንበር ላይ አትሙሉት፣ ቤት ውሰዱት፣ ማታ ሻይ ይዛችሁ ለብቻችሁ አንብቡት፣ "ብንለያይስ?" የሚለውን ጮክ ብላችሁ ጠይቁ። ማሟረት አይደለም። ሴቶች ደግሞ የተወሰነውን እንቁላል ሳይዳቀል ለብቻው ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እሱ የእናንተ ብቻ ነው፣ የማንም ፊርማ አይፈልግም።

እኔና የቀድሞ ባለቤቴ በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፣ አራቱም ለ2 ዓመት ይቀመጡ፣ ማናችንም ያለ ሌላኛው አዲስ ፊርማ አንጠቀም፣ ክፍያው እኩል፣ አንዳችን ብንሞት ይወገዱ፣ ጊዜው ሲደርስ ካልተስማማን ይወገዱ። ይሄን የመጨረሻውን ለመፈረም እጄ ተንቀጥቅጧል። ፍርድ ቤቱ አፅድቆታል፣ ክሊኒኩ ኮፒው አለው። ጊዜው የሚያልቀው ጥር ላይ ነው፣ ስልኬ ላይ ከሦስት ወር ቀድሞ ጥቅምት 15 ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ፣ ለእሱም ሞልቼለታለሁ፣ ያን ቀን ሻይ ልንጠጣ ከዚራ ቀጠሮ አለን።